በሌላው ድርሰት ላይ ስለ መጨመር

ሰው አንድ ጥሩ ታሪክ አንብቦ ሲጨርስ መጽሐፉን ይከድናል እንጂ ልቡን አይከድንም። ዐይኑ ከመጨረሻው ገጽ ሲነሣ ሐሳቡ ገና በመንገድ ላይ ነው። «ያች ልጅ ከዚያ በኋላ ምን ሆነች? ያ ሰው ያን ዕለት ከቤቱ ባይወጣ ኖሮ ምን ይደርስ ነበር?» እያለ ራሱን ይጠይቃል። ከዚህም የተነሣ አንዳንዱ ሰው ብዕር አንሥቶ ደራሲው ካቆመበት ይቀጥላል፤ አንዳንዱ ደራሲው የገደለውን ያስነሣል፤ ሌላውም በታሪኩ ውስጥ ከበር ላይ ቆሞ የቀረውን አሽከር ወስዶ ዋና ባለታሪክ ያደርገዋል። በውጭ አገር ይህን ዓይነቱን ጽሕፈት «ፋን ፊክሽን» ይሉታል፤ ይኸውም አድናቂዎች ካደነቁት ድርሰት ተነሥተው የሚጽፉት ልብ ወለድ ማለት ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው፤ ታሪክ የማን ነው? የፈጠረው ደራሲ ብቻ ነውን? ወይስ የወደደው አንባቢም በውስጡ ድርሻ አለው? አንዳንድ ሰዎች «የሌላውን ድርሰት መቀጠል በሰው እርሻ ላይ መዝራት ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ታሪክ ከአፍ ከወጣ በኋላ የሰሚው ነው፤ እንደ ወንዝ ውሃ የጠማው ሁሉ ይቀዳዋል» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ፤ ነገር ግን እውነቱን በሙሉ የያዘ ከሁለቱ አንዱም የለም። ይህን ለማስረዳት ከሩቅ ሳይሆን ከቅርብ ልጀምር።

ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር አስቀድሞ የገዛ አገሩን ይመልከት። የእኛ አገር ጋይንት፥ እስቴና ስማዳ፥ ከጉና ተራራ ሥር ጀምሮ እስከ ዓባይና እስከ በሽሎ ሸለቆ ድረስ ያለው አገር፥ በእህልና በከብት ብቻ ሳይሆን በትምህርትም የታወቀ ነው። እኔ በልጅነቴ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ለምኖ እየበላ ዜማና ቅኔ የሚማረውን ተማሪ ችግር በራሴ ላይ አላየሁትም። ይሁን እንጂ ከጎረቤቶቼና ከሥራ ጓደኞቼ ብዙዎቹ ከዚያ ቤት የወጡ ስለ ነበሩ የትምህርቱን ሥርዓት ከእነርሱ አፍ ሰምቻለሁ። ሳስበውም ለያዝነው ጥያቄ ትልቅ ብርሃን የሚሰጥ ሆኖ አገኘሁት።

በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ተብሎ የሚከበር የዜማ መጽሐፍ ነው፤ የዜማውንም ምልክት በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳወጡት ይነገራል። ተማሪው ብዙ ዓመት ከደከመ በኋላ ቤተልሔም ገብቶ በመምህሩ ፊት ያስመሰክራል። በዚያ ቤት ከራሱ አንዲት ምልክት የጨመረ ተማሪ «ብልህ ነህ» አይባልም፤ «ተሳስተሃል፥ ተመለስ» ይባላል እንጂ።

ከጨጨሆ ማዶ በዋድላ፥ ዓባይንም ተሻግሮ በጎጃም በዋሸራና በጎንጅ ያለው የቅኔ ቤት ሕግ ግን ሌላ ነው። በዚያ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ተማሪው ዘወትር አዲስ መቊጠር አለበት። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ልኩ የቀደሙት ሊቃውንት ያቆሙት ነው፤ ቃሉና ምሥጢሩ ግን የተማሪው የራሱ መሆን ይገባዋል። የሌላውን ቅኔ «የእኔ ነው» ብሎ የሚያቀርብ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። ደግሞም ልብ በሉ፤ ባለ ቅኔው በሰሙ ውስጥ ሶምሶንን፥ ዳዊትን ወይም ሙሴን ያመጣና በመጽሐፍ ባልተጻፈ ጉዳይ ውስጥ ያቆማቸዋል። በሰፈሩ የሞተውን ደግ ሰው፥ የተጣላውን መንደር፥ የከበደውን ግብር በእነርሱ መስሎ ይናገራል። ይህንንም ስላደረገ መጽሐፍ አጠፋ ያለው ሰው የለም።

እንግዲህ በአንድ አገር አቅራቢያ ሁለት ቤቶች ሁለት ሕግ ያስተምራሉ። ቤተልሔም «የተቀበልኸውን ሳትለውጥ ጠብቅ» ትላለች፤ ዋድላ «ከተቀበልኸው አዲስ አውጣ» ትላለች። ሁለቱ ግን አይጣሉም። ብዙ ጊዜም አንዱ ሰው ሁለቱንም ተምሮ ይገኛል። የማይጣሉበት ምክንያት ተማሪው ድጓውን «ቅኔዬ ነው» ስለማይል፥ ቅኔውንም «ድጓ ነው» ስለማይል ነው። ክፋት የሚመጣው ሁለቱ ሲቀላቀሉ፥ ማለት ጠባቂው ፈጣሪ ነኝ ሲል፥ ፈጣሪውም የቀድሞው ሰው ቃል ነው ብሎ የራሱን ሲያሳልፍ ነው። ይህን መለያ ይዘን ወደ ሌላው ዓለም ታሪክ ብንሄድ ብዙ ነገር ይገለጥልናል።

ስፔናዊው ሚጌል ደ ሴርቫንቴስ የዶን ኪኾቴን ታሪክ የመጀመሪያ ክፍል በ1605 በአውሮፓ አቈጣጠር አሳተመ። መጽሐፉ ተወደደ። ደራሲው ሁለተኛውን ክፍል በመጻፍ ላይ ሳለ በ1614 አቬያኔዳ በሚል ስም የተሸሸገ ሰው ቀድሞት «ሁለተኛ ክፍል» ብሎ አወጣ። ይህም ብቻ አይደለም፤ በመቅድሙ ላይ ሴርቫንቴስን በእርጅናውና በጦርነት በተጎዳው እጁ ሰደበው። ሴርቫንቴስ የራሱን ሁለተኛ ክፍል በ1615 ሲያወጣ በብልሃት መለሰለት። ሐሰተኛው መጽሐፍ ባለታሪኩን ሳራጎሳ ወደምትባል ከተማ ወስዶት ስለ ነበር፥ የእርሱ ዶን ኪኾቴ ይህን በሰማ ጊዜ መንገዱን ለውጦ ወደ ባርሴሎና ሄደ። በመጨረሻም ሌላ ሰው እንደገና እንዳይወስድበት ባለታሪኩን ገድሎ ቀበረው።

እንግሊዛዊው ጆን ቡንያን ደግሞ ስለ አንድ ክርስቲያን መንገደኛ የጻፈውን ዝነኛ መጽሐፍ በ1678 አሳተመ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1682 በስሙ ፊደላት ብቻ የታወቀ ሌላ ሰው የዚያን መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል ነው ብሎ አወጣ። ቡንያንም የመንገደኛውን ሚስትና ልጆች ጉዞ የሚናገረውን እውነተኛውን ሁለተኛ ክፍል በ1684 አወጣና ስሙንና ሥራውን አስመስለው የሚያወጡትን ሰዎች ወቀሰ።

ይኸው የቡንያን መጽሐፍ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በአማርኛ ተተርጉሞ ታተመ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ልጆችም ያን ታሪክ እንደ ቤተ ሰብ ወሬ እናውቀው ነበር። በ1915 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ» የሚባለውን መጽሐፋቸውን አወጡ። የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት መጽሐፉ የቡንያንን መንገድ የተከተለ መሆኑን ይመሰክራሉ፤ የሰው ጠባይ ሰው መስሎ ይታይበታል፥ ይናገርበታል። ነገር ግን ብላቴን ጌታ ኅሩይ «የቡንያን ሦስተኛ ክፍል» አላሉትም፤ የእንግሊዙንም መንገደኛ ስም ለውጠው አላቀረቡትም። መንገዱን ወሰዱ፤ በመንገዱ ላይ ግን የኢትዮጵያን ሰው፥ የኢትዮጵያን ምክርና የኢትዮጵያን ጕድለት አስሄዱበት።

ስለዚህ ሦስት ሰዎች ከሌላ ሰው ድርሰት ተነሥተው ጻፉ። ሁለቱን የሚወቅሳቸው ታሪክ አንዱን የሚያመሰግነው ለምንድን ነው? ሦስቱም ከሌላው ስለ ተነሡ ወቀሳው በመነሣታቸው ሊሆን አይችልም። የወቀሳው ምክንያት ሁለቱ የባለቤቱን ወንበር ባለቤቱ ሳይነሣ መቀመጣቸው ነው። አንባቢው የሚገዛው የማንን ቃል እንደ ሆነ እንዳያውቅ አድርገዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ግን የራሳቸውን ወንበር አመጡ።

ደራሲ ሁሉ በዚህ ነገር እንደ ሴርቫንቴስ ይቈጣል ማለትም አይደለም። አርተር ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስ የተባለውን መርማሪ በ1893 ገደለው፤ አንባቢዎች ግን ሞቱን አንቀበልም ብለው እጅግ አዘኑ፥ ተቈጡም፤ ደራሲውም በ1903 ሊያስነሣው ተገደደ። በዚህ መካከል በ1899 ዊልያም ጂሌት የተባለ አሜሪካዊ ተዋናይ ሆምስን በቴያትር ሲያቀርብ፥ ባለታሪኩን ላጋባውን ብሎ ቢጠይቀው ዶይል እንደ ወደደ ያድርገው ብሎ ፈቀደለት። በ1934 የሆምስ ወዳጆች በኒው ዮርክ ማኅበር አቆሙ። በ1967 ደግሞ «ስታር ትሬክ» የተባለው የቴሌቪዥን ታሪክ ወዳጆች «ስፖካናሊያ» የምትባል መጽሔት በራሳቸው ድካም እያባዙ ማውጣት ጀመሩ። ከእነዚያ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ይህ ሥራ ወደ ኢንተርኔት ተሻግሯል። ከ2009 ጀምሮ ለሕዝብ የተከፈተ አንድ ትልቅ የአድናቂዎች ጽሑፍ ማከማቻ ያለ ክፍያ ይነበባል፤ በ2019ም ሁጎ የተባለውን ታላቅ ሽልማት ተቀብሏል። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው የጻፉት ገንዘብ ለማግኘት አይደለም። ከወደዱት ታሪክ መለየት ስላቃታቸው ነው።

ነገር ግን «መለየት አቃታቸው» ስንል የሥራ ፈቶች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ በስማዳ ሳስተምር የሆነውን ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ «ፍቅር እስከ መቃብር» በእጃችን የነበረው አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን ሽፋኑ ወልቆ በመርፌ ተሰፍቶ ነበር። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ድርሰት ነው። ታሪኩ የሚደረገው ከዓባይ ማዶ በጎጃም ስለ ሆነ፥ ለእኛ ተማሪዎች የሩቅ ሰው ታሪክ ሳይሆን የጎረቤት ታሪክ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው የሰሙትም መጽሐፉን ከማንበባቸው በፊት ባለታሪኮቹን በድምፅ ያውቋቸው ነበር።

ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ታሪኩን በሦስት ገጽ አሳጥራችሁ ጻፉ ብዬ አዘዝሁ። አንዲት ልጅ ግን አላሳጠረችም። እርስዋ በጻፈችው ውስጥ በዛብህ አልሞተም፤ ሰብለ ወንጌልም በአባቷ በፊታውራሪ መሸሻ ፊት ቆማ «ባል አልፈልግም፤ በዛብህ ያስጀመረኝን ንባብ ልጨርስ» ብላ ትናገራለች። በመጨረሻም የመንደሩን ሴቶች ልጆች ፊደል ታስቈጥራለች።

ወረቀቱን ለአንድ የሥራ ጓደኛዬ ባሳየሁት ጊዜ ተቈጣ። «ይህ ድፍረት ነው፤ ታላቅ ደራሲ አስቦ ያሳዘነንን እርስዋ በሦስት ገጽ ታስደስተናለች? የመጽሐፉ ቁም ነገር እኮ በሞቱ ላይ ነው» አለኝ። ነገሩ ትክክል ነበር። ፍቅራቸው እስከ መቃብር ባይደርስ ኖሮ የወገንና የዘር ትምክሕት ምን ያህል ሰው እንደሚበላ አናይም ነበር። እኔም እንዲህ ስል መለስሁለት፤ «ልጅቱ የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ አልሰረዘችም። መጽሐፉ ያው በሣጥኑ ውስጥ አለ፤ ማንም ያነበዋል። እርስዋ የጻፈችው ለመጽሐፉ የሰጠችውን መልስ ነው»። በኋላም እንደ ሰማነው በዚያው ወራት የልጅቱ ወላጆች ሊድሯት ሰው ቈርጠውላት ኖሯል። በራስዋ ስም ለአባቷ ልትናገረው ያልቻለችውን በሰብለ ወንጌል አፍ ተናገረችው።

ማርኩን ከፍዬ ሰጠኋት። ለማሳጠር የተመደበውን አልሰጠኋትም፤ የታዘዘችውን አላደረገችምና። ለድርሰቱ የተመደበውን ግን በሙሉ ሰጠኋት። በወረቀቱ ራስ ላይም «ከክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ተነሥታ የጻፈችው» ብላ እንድትጽፍ ነገርኋት። ከዚያ በኋላ በትዳሩ ጉዳይ ምን እንደ ሆነ እዚህ አልተርክም። ሰብለ ወንጌል በብዕር የተፈጠረች ስለ ሆነች ማንም በሐሳቡ ሊያኖራት ይችላል፤ ልጅቱ ግን በእግዚአብሔር የተፈጠረች ሰው ናት፤ የራስዋን ታሪክ የመናገር መብትም የእርስዋ ነው።

ይህ ልዩነት ከሁሉ የሚበልጥ ልዩነት ነው። ስለ አለቃ ገብረ ሐና የማይሰማ የአማርኛ ተናጋሪ ማን አለ? አለቃ በእኛው አቅራቢያ በፎገራ በናባጋ የተወለዱ ታላቅ ሊቅ ነበሩ። በልጃቸው ስም «ተክሌ» እየተባለ የሚጠራውንና በደብረ ታቦር የጸናውን አቋቋም ያወጡ እርሳቸው መሆናቸው ይነገራል። ሕዝቡ ቀልዳቸውን እጅግ ወደደው። ከመውደዱም የተነሣ ማንም ቀልድ የፈጠረ ሁሉ «አለቃ ገብረ ሐና እንዲህ አሉ» እያለ በእርሳቸው ላይ ጨመረው። እርሳቸው ከሞቱ በኋላ የመጣ ነገር እንኳ በእርሳቸው ስም ሲነገር እንሰማለን። ይህም የአድናቂዎች ድርሰት ነው፤ ያለ ብዕርና ያለ ወረቀት የተጻፈ።

በዚህ ምን ጥፋት አለ ትሉኝ ይሆናል። ጥፋቱ ይህ ነው፤ ዛሬ ከመቶ ሰው ዘጠና ዘጠኙ ቀልደኛውን ቢያውቅ ሊቁን የሚያውቅ አንድ ይገኝ እንደ ሆነ ነው። ከቀልዶቹ መካከል ባለጌ የሆኑት፥ ሰውን የሚያዋርዱት ሁሉ በአንድ ካህን ስም ተጭነዋል፤ እርሳቸውም ተነሥተው «ይህን እኔ አላልሁም» ሊሉ አይችሉም። ዶን ኪኾቴን ያለ ቦታው ቢያስሄዱት የሚከራከርለት ደራሲ ነበረው። እውነተኛ ሰው ግን ከሞተ በኋላ ጠበቃው የእኛ ሐቀኝነት ብቻ ነው። ስለዚህ መውደድ ብቻውን ሥራችንን ንጹሕ አያደርገውም። የብዙ ሰው ፍቅር አንድን ሰው ከጠላት ይልቅ ሊቀብረው ይችላል።

ሕግም በዚህ ነገር የሚለው አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ የሰውን ድርሰት ያለ ፈቃድ ለውጦ አሳትሞ መሸጥ በሕግ ያስጠይቃል። ይህም ተገቢ ነው፤ ደራሲም እንደ ገበሬ በድካሙ ሊበላ ይገባዋልና። ነገር ግን ሕግ የሚያየው ገበያውን ነው። አንድ ልጅ በደብተሩ ላይ የጻፈውን፥ ለጓደኞቹም ያነበበውን ነገር መልካም ወይም ክፉ የሚያደርገው የልቡ ሁኔታ ነው።

«ይህ ሁሉ ክርክር ከሚነሣ ጸሐፊው ከመጀመሪያው የራሱን ለምን አይጽፍም?» የሚል ሰው ቢኖር ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱን ከእርሻ እንውሰድ። በአገራችን አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው መሬቱን ጦም አያሳድርም፤ አንድ በሬ ካለው ከሌላ ሰው ጋር በመቀናጆ ያርሳል። ለጀማሪም ጸሐፊ ነገሩ እንዲሁ ነው። የራሱ ሐሳብ አለው፤ ሰው መፍጠርን፥ አገር ማቆምን፥ ታሪክ ማያያዝን ግን ገና አልቻለም። ስለዚህ ሐሳቡን ከታወቀ ደራሲ ባለታሪክ ጋር አቀናጅቶ ያርሳል። በዚህ የሚያፍርበት ነገር የለም። ሆኖም መቀናጆ ሥርዓት አለው። የሰውን በሬ በጠማጅነት የተቀበለ ሰው አያስርበውም፥ አይመታውም፤ ማታም ወደ ባለቤቱ በረት ይመልሰዋል፤ በገበያም «ሁለቱም በሬዎች የእኔ ናቸው» ብሎ አይናገርም። ደግሞም ዕድሜ ልኩን በመቀናጆ ለመኖር የሚመኝ ገበሬ የለም፤ እየቈጠበ ሁለተኛውን በሬ ለመግዛት ያስባል እንጂ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ የወደዳችሁትን ታሪክ ለመቀጠል ብዕር ስታነሡ ራሳችሁን አራት ነገር ጠይቁ። መጀመሪያ፥ ታሪኩ የማን እንደ ሆነ በግልጥ ተናግሬአለሁን? ሁለተኛ፥ በአፉ የማናግረው ሰው በብዕር የተፈጠረ ነው ወይስ በእውነት የኖረ? ሦስተኛ፥ ከደራሲው እጅ እንጀራውን እየወሰድሁ ነውን? አራተኛ፥ የምጨምረው ነገር ከልቤ የወጣ ነው ወይስ የደራሲውን ዝና ብቻ ፈልጌ ነው? ለእነዚህ መልስ ያለው ሰው ያለ ፍርሃት ይጻፍ፤ ማንም ሌባ ሊለው አይችልም።

ደራሲም ቢሆን አንባቢ መጽሐፉን ዘግቶ ዝም ከሚለው ይልቅ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ቢከራከረው ይሻለዋል። ዝም ብሎ የተቀመጠ መጽሐፍ አቧራ ይጠጣል። መልስ ያገኘ መጽሐፍ ግን ሥራውን ሠርቷል። የተሰጣችሁን እንደ ቤተልሔም ተማሪ በታማኝነት ጠብቁ፤ ከእናንተ የሚጠበቀውን እንደ ዋድላ ተማሪ በድፍረት አውጡ፤ የትኛው የተቀበላችሁት፥ የትኛው ያወጣችሁት እንደ ሆነ ለሚጠይቃችሁ ሁሉ ያለ ማመንታት ለመናገር የተዘጋጃችሁ ሁኑ።